ይለፍ የሚለው ማን ነው?

አርባ ምንጭ የሰሜን ኦሞ ዞን መቀመጫ በነበረችበት ዘመን አራት ቋንቋዎችን አንድ የማድረግ ሐሳብ መጣ። ወላይትኛ፣ ጋሞኛ፣ ጎፍኛና ዳውሮኛ ዘመዳሞች ናቸው፤ የቋንቋ ሊቃውንትም ኦሜቶ በሚባለው አንድ ቤት ውስጥ ይመድቧቸዋል። ለእያንዳንዳቸው ለየብቻ መማሪያ መጽሐፍ ከማሳተም ከአራቱም ቃል ለቃቅሞ አንድ የትምህርት ቋንቋ ማበጀት ይሻላል ተባለ። ስሙም ከየስማቸው መነሻ ተገጣጥሞ «ወጋጎዳ» ሆነ። መጻሕፍቱ ታትመው በ1991 ዓ.ም. ትምህርት ቤት ደረሱ። ወላይታ ሶዶ ላይ መምህራንና ተማሪዎች አንቀበልም አሉ። ተቃውሞው ወደ አደባባይ ወጣ፣ የሰው ሕይወት ጠፋ፣ የታሰሩም ነበሩ። በመጨረሻ ወጋጎዳ ቀረ፣ እ.ኤ.አ. በ2000 ደግሞ ዞኑ ራሱ ተከፋፍሎ ወላይታ፣ ጋሞ ጎፋና ዳውሮ የየራሳቸውን ዞን ይዘው ወጡ።

ሐሳቡ በጥሬው ሲታይ እብደት አልነበረም። የሚመሳሰሉ ነገሮችን ማዋሃድና ድግግሞሽን ማስቀረት የትኛውም ፕሮግራመር ጠዋት ተነሥቶ የሚመኘው ነው። የጎደለው ሌላ ነበር። በቋንቋው የሚያስተምረው መምህርና የሚማረው ልጅ ወላጅ መጽሐፉ ማተሚያ ቤት ከመግባቱ በፊት በቅጡ «እስቲ እዩልን» አልተባሉም። አስቀድሞ ያልተጠየቀ ሰው አስተያየቱን ከኅትመት በኋላ በአደባባይ ሰጠ፤ ያን ጊዜ ደግሞ ኪሳራው በብር ብቻ የሚተመን አልነበረም።

ኮዱ ለማንም ክፍት የሆነ ሶፍትዌር ይህን የመሰለ ውሳኔ በየቀኑ ይወስናል። በዓይኑ አይቶት ከማያውቀው ሰው የመጣ ለውጥ ከነባሩ ሥራ ጋር ይዋሃዳል፣ ወይም አይዋሃድም። ሠራተኞቹ መርጅ ይሉታል። አንድሮይድ ስልኮቻችን ሥር ለሚገኘው የሥርዓቱ አስኳል፣ ለሊኑክስ ከርነል፣ በሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ለውጥ ይልካሉ፤ ከፊሎቹ በኩባንያ ደመወዝ፣ ከፊሎቹ በትርፍ ሰዓታቸው። ሁሉንም የሚያዝ አንድ አሠሪ የለም። ታዲያ «ይለፍ» የሚለው ማን ነው? በምን ሥልጣን? የደረስኩበትን አስቀድሜ ልናገር። ግምገማ መጥበቅ ያለበት ስሕተቱ ቢያልፍ ለመመለስ በሚያስቸግረው መጠን ነው። ብዙ ፕሮጀክቶች ግን የሚጠብቁትም የሚላሉትም በለውጡ ርዝመት ነው፤ ባለ 10 መስመሩ በደቂቃ ያልፋል፣ ባለ 1000 መስመሩ ወር ይንጠለጠላል።

ነገሩን ቀረብ ብለን እንየው። አርባ ምንጭ ከተማ ሴቻ ሰፈር የምትኖር የኮምፒውተር ሳይንስ ተማሪ አለች እንበል፤ በአማርኛ ስትጽፍ አንድ ፊደል እየተሳሳተ ይወጣባታል። የምትጠቀምበት ኪይማን የተባለው ሶፍትዌር ነው። ኪይማን ክፍት ነው፤ የግዕዝ ፍሮንቲየር ፋውንዴሽን ያዘጋጃቸው የአማርኛና የሌሎች ቋንቋዎቻችን ኪቦርዶችም ከነኮዳቸው ጊትሃብ በተባለው የኮድ ማስቀመጫ ድረ ገጽ ላይ ተቀምጠዋል። ከፍታ ስታየው ኪቦርድ ማለት የደንብ ዝርዝር መሆኑን ታገኛለች፦ ከዚህ ቁልፍ ቀጥሎ ያኛው ከተነካ ይህ ፊደል ይውጣ። የተሳሳተችው አንዲት መስመር ናት። ፋይሉን ወደ ራሷ ገጽ ትገለብጣለች፣ መስመሯን ታርማለች፣ እግረ መንገዷንም የተዘበራረቀውን ክፍተት በሙሉ ታስተካክላለች፣ መመሪያው ላይ ያገኘችውን የሆሄ ግድፈት ታቃናለች። ከዚያ ሁሉንም አንድ ላይ አድርጋ ፑል ሪኩዌስት የሚሉትን የ«አዋሕዱልኝ» ጥያቄ ትልካለች።

ቀድሞ የሚመልስላት ማሽን ነው። ኪቦርዱ ተገንብቶ ይነሣል አይነሣም የሚለውን ሰው ሳይነካው የሚፈትሽ ፕሮግራም አለ፤ ካለፈ አረንጓዴ ምልክት ይሰጣል። ይህ ደረጃ የገምጋሚን ክብርና ጊዜ ያድናል፤ ነጠላ ሰረዝ የጎደለበትን ቦታ ለመጠቆም ሰው ማሰለፍ ብክነት ነው።

ቀጥሎ ሰው ይመጣል። ሌላ አገር የሚኖር ነው፣ ከሥራ መልስ ነው የከፈተው፣ የሚታየው ደግሞ ከላይ እስከ ታች የተቀለመ ፋይል ነው፤ ክፍተቱ ስለተነካ ማሽኑ መስመሩን ሁሉ «ተቀይሯል» ብሎታል። ቁም ነገሯ መስመር መሐላቸው ጠፍታለች። «እባክሽ ሦስት ቦታ ከፍለሽ ላኪው» ይላታል። ስሕተት አርሜ ባመጣሁ ሌላ ሥራ ተጨመረብኝ ብላ ብትናደድ አይፈረድባትም፤ ሰውየው ግን ትክክል ነው። ፊደሏን የምታርመው መስመር ዛሬውኑ ልታልፍ ትችላለች፣ የክፍተቱ ነገር ጣዕም ነውና ሊያከራክር ይችላል፣ የመመሪያው እርማት ደግሞ ምንም ዓይነት ክርክር አያስፈልገውም። አንድ ላይ ከታሰሩ ሁሉም የሚሄዱት በዘገምተኛው ፍጥነት ነው። ነገ አንዱ ጥፋት ሆኖ ቢገኝም ሌሎቹን ሳይነኩ እሱን ብቻ መንቀል አይቻልም።

ከፋፍላ ስትልክ ሁለተኛው ዙር ይጀመራል። የቅጂ ቁጥሩን ከፍ አድርጊ፣ የለውጥ ታሪኩ ፋይል ላይ ምን እንደተደረገ አንድ መስመር ጨምሪ፤ እነዚህ ቀላል ናቸው። ከዚያ አንድ ጥያቄ ይመጣል፦ «ይህ ቁልፍ እስከ ዛሬ ሌላ ፊደል ሲያወጣ ኖሯል። እጃቸው በዚያ የለመደ ሰዎችስ?» እኔ ከግምገማ ሁሉ የማከብረው እንዲህ ያለውን ነው። ኮዷ አልተሳሳተም። ጥያቄው የኮዱ ሳይሆን ነገ ጠዋት ደብዳቤ ሊጽፍ ተቀምጦ ጣቱ የሚከዳው ሰው ጉዳይ ነው፤ ያ ሰው ደግሞ ውይይቱ ላይ የለም፣ ፑል ሪኩዌስት የሚባል ነገር መኖሩንም አያውቅም። ገምጋሚው የእሱ ወኪል ሆኖ ነው የሚጠይቀው። የወጋጎዳ መጻሕፍት ማተሚያ ቤት ደጃፍ ላይ ያላጋጠማቸው ጥያቄ ይኸው ነው።

በእኛ መሥሪያ ቤቶች ግምገማ ስለሚባለው ስብሰባ የብዙ ሰው ትዝታ የከፋ ነው፤ ለዓመታት የተገመገመው ሰው እንጂ ሥራው አልነበረም። ስለዚህ አዲስ ገቢ ወጣቶች «ይህ መስመር ለምን አስፈለገ?» ሲባሉ «አንተ ለምን አስፈለግህ?» የተባሉ ያህል ሲደነግጡ አይገርመኝም። ደህና ገምጋሚ ይህን አውቆ የሚያስገድደውንና የራሱን ምርጫ ለይቶ ይጽፋል፦ ይህ ሳይታረም አያልፍም፣ ያኛው ግን ብትወጂ ነው።

በሊኑክስ ዘንድ የ«ይለፍ» ሥልጣን በመሰላል የተደረደረ ነው። እያንዳንዱ የከርነሉ ክፍል ባለ አደራ አለው፤ ስሙም ለዚሁ በተዘጋጀ ፋይል ተመዝግቧል። ባለ አደራው የተቀበለውን ሰብስቦ ከበላዩ ላለው ያሳልፋል፣ መጨረሻ ላይ የሊኑክስ ጀማሪ ሊኑስ ቶርቫልድስ ዘንድ ይደርሳል። አዲስ ነገር የሚገባበት በር ለ2 ሳምንት ያህል ይከፈታል፤ ከዚያ ተዘግቶ ቀጣዮቹ ሳምንታት ለጥገና ብቻ ይውላሉ። እ.ኤ.አ. ከ2004 ወዲህ ለውጡን ያቀረበውና እየተቀበለ ያሳለፈው ሁሉ ስሙን ይፈርማል። ልማዱ የመጣው ኤስሲኦ የተባለው ኩባንያ «ኮዴ ሊኑክስ ውስጥ ገብቷል» ብሎ ፍርድ ቤት ከሄደ በኋላ ነው። የገመገመና የሞከረ ሰውም ስሙ ከለውጡ ጋር ተያይዞ ይቀመጣል፤ ከ10 ዓመት በኋላ «ይህን ማን አየው?» ለሚል መልሱ እዚያው አለ። ቶርቫልድስ እ.ኤ.አ. በ2005 ጊት የተባለውን የለውጥ መዝጋቢ የሠራውም ይህን የለውጥ ጎርፍ ለማስተናገድ ነበር።

ብዙ ክፍት ሶፍትዌሮችን የሚያስተዳድረው አፓቼ ፋውንዴሽን ሌላ መንገድ መረጠ። እዚያ ድምፅ የሚሰጠው በቁጥር ነው፦ ሲደመር አንድ ድጋፍ፣ ሲቀነስ አንድ ተቃውሞ። ኮድን በሚመለከት የአንድ ባለ ድምፅ ተቃውሞ ለውጡን ያቆመዋል፤ ነገር ግን ቴክኒካዊ ምክንያት ካልቀረበበት ከንቱ ነው። «አልወደድኩትም» ብሎ ማገድ አይቻልም። ብዙውን ጊዜ ደግሞ ድምፅ እንኳን አይጠራም፤ ሐሳቡ ለ72 ሰዓት ያህል ይቀመጣል፣ የተቃወመ ከሌለ እንደ ስምምነት ይቆጠራል።

ከሴቻ ወደ ጨንቻ ሽቅብ ለወጣ ሰው ይህ እንግዳ አይሆንበትም። የጋሞ ደጋ አገር ሰው ጉዳዩን የሚመክርበት ዱቡሻ የሚባል አደባባይ አለው። ሸንጎው በምርቃት ይከፈታል፣ ተናጋሪ ተራውን ጠብቆ ይነሣል፣ ነገሩ የሚያልቀው እጅ ተቆጥሮ ሳይሆን የሚቃወመው ሰው ቃሉ ተሰምቶ፣ መልስ አግኝቶ፣ እሺ ሲል ነው። እሺ ካላለ ለሌላ ቀን ይቀጠራል። መጓተቱ ትርፍ አለው፤ በዱቡሻ ያለቀን ነገር ለማስፈጸም ፖሊስ አያስፈልግም፣ የሚፈጽሙት ሰዎች እዚያው ነበሩና። ግን ዱቡሻን ለማወደስ ብቻ ማንሣት ለጋሞ ሰውም ውለታ አይሆንም። በቀደመው ሥርዓት ሴቶች፣ እንዲሁም በሸክላና በቆዳ ሥራ የሚተዳደሩ ወገኖች እዚያ አደባባይ ላይ ድምፅ አልነበራቸውም። አደባባዩ ለሁሉም የሚታይ ነበር፣ ተናጋሪው ግን የተወሰነ ነበር። የክፍት ሶፍትዌርም ሐቅ ከዚህ ብዙ አይርቅም። ኮዱን ማንም ያነባል፤ «ይለፍ» የሚሉት ግን በአብዛኛው ጥቂት ሰዎች ናቸው፣ መብራትና ኢንተርኔት የማይቆራረጥባቸው፣ እንግሊዝኛ የማያስቸግራቸው። ከአርባ ምንጭ የተላከ ለውጥ 3 ሳምንት ሳይታይ ቢቀር ማንም ክፉ ስላሰበበት አይደለም። የሚያየው ሰው ስለሌለ ነው።

የገምጋሚ እጥረት ምን እንደሚያመጣ ዓለም ሁለት ጊዜ በደንብ አይቷል።

የመጀመሪያው ሐርትብሊድ ነው። የኢንተርኔትን ምሥጢራዊ ግንኙነት ከሚጠብቁት ሶፍትዌሮች አንዱ ኦፕንኤስኤስኤል ነው። እ.ኤ.አ. ታኅሣሥ 31 ቀን 2011፣ ፈረንጆቹ አዲሱን ዓመት ሊቀበሉ ሲዘጋጁ፣ አንድ ለውጥ ገባበት። ሥራው ቀላል ነበር፦ አንዱ ኮምፒውተር ሌላውን «አለህ? ይህን ይህን ያህል ርዝመት ያለው ቃል መልስልኝ» ይለዋል፣ ያኛውም ይመልሳል። ጠያቂው የነገረው ርዝመት እውነት መሆኑን የሚያጣራ መስመር ግን አልተጻፈም። አንድ ፊደል ልኮ «64 ሺህ ፊደል ነው» ያለ አጭበርባሪ፣ መልሱ ሲመጣለት ቀሪውን ቦታ የሚሞላው ከኮምፒውተሩ ማስታወሻ የተዘገነ የሌሎች ሰዎች የይለፍ ቃልና ቁልፍ ሊሆን ይችል ነበር። ለውጡ ግን ተገምግሟል። ጸሐፊው ሌላ፣ ገምጋሚው ሌላ ነበሩ፤ ሁለቱም አላዩትም። እስከ ሚያዝያ 2014 ከ2 ዓመት በላይ በዓለም ላይ ኖረ። ሲታወቅ ከስሕተቱ ይበልጥ ያሳፈረው ነገር ግማሽ ኢንተርኔት የተደገፈበት ይህ ፕሮጀክት ሙሉ ጊዜውን የሚሰጠው ሰው አንድ ብቻ መሆኑ ነበር። የማይኖር ሰው አይገመግምም፤ ደንቡ ምንም ያህል ያማረ ቢሆን።

ሁለተኛው ይብሳል፤ በክፋት የተሠራ ነውና። ኤክስዜድ ፋይል የሚያመቅ ትንሽ መሣሪያ ነው፤ ለዓመታት የጠበቀው አንድ የፊንላንድ ሰው ነበር። ሰውየው ደክሞት፣ ጤናውም አስቸግሮት በነበረበት ወቅት «ጂያ ታን» የሚል ስም ያለው ረዳት ብቅ አለ። ጥሩ ጥሩ ለውጥ ይልካል፣ ትሑት ነው፣ አይጣደፍም። በጎን ደግሞ ሌሎች ስሞች እየመጡ «ሥራው ተጓተተ፣ ለሌላ ሰው አስረክብ» እያሉ ይወተውታሉ። በመጨረሻ ረዳቱ ራሱ «ይለፍ» ባይ ሆነ። ከዚያም እ.ኤ.አ. በ2024 መጀመሪያ 5.6.0 እና 5.6.1 በተባሉት ቅጂዎች ውስጥ የኋላ በር ቀበረ። አቀባበሩ ነው ሊቅነቱ። ወጥመዱን የሚያስነሣው ቁራጭ ሁሉም በሚያየው የኮድ ማኅደር ውስጥ አልነበረም፤ ታሽጎ ለሥርጭት በሚወጣው ጥቅል ውስጥ ብቻ ነው የተጨመረው። ሰው ያየው አንድ፣ የተከፋፈለው ሌላ። መጋቢት 2024 መጨረሻ ላይ አንድሬስ ፍሮይንድ የተባለ መሐንዲስ ወደ ኮምፒውተር ሲገባ ግማሽ ሰከንድ ያህል መዘግየቱ አሳሰበው፣ ክሩን ሲስብ ወጥመዱን አገኘ። ግማሽ ሰከንድ! ደግነቱ የተመረዙት ቅጂዎች ገና በሰፊው አልተሠራጩም ነበር።

እነዚህን ሁለት ታሪኮች የሚሰማ ሰው «እንግዲያው ሁሉንም አጥብቁት» ሊል ይችላል። አልስማማም። ሁሉን ያጠበቀ ፕሮጀክት ያሉትን ጥቂት ዓይኖች በሆሄ እርማት ላይ ይጨርሳቸውና እንደ ኤክስዜድ ያለው ሲመጣ እንቅልፍ ይዟቸዋል። ጊት ተራ ለውጥን በአንድ ትእዛዝ መመለስ ያስችላል፤ የተማሪያችን የመመሪያ እርማት ቢሳሳት በ5 ደቂቃ ይመለሳል፣ ስለዚህ አንድ ሰው አይቶ ቢያሳልፈው ይበቃል። የጣት ልማድን የሚቀይረው መስመር ግን ኮዱ ቢመለስም ሰው የተማረው አይመለስም፤ እሱ ሁለት ዓይንና ጥቂት ቀን ይገባዋል። የቁልፍና የምሥጢር ጉዳይ ሲሆን የፈሰሰው አይታፈስም። ማን ባለ አደራ ይሁን የሚለው ደግሞ ከሁሉ የጠበቀ መሆን ነበረበት፤ ኤክስዜድ ላይ ያለ ብዙ ጥያቄ ያለፈው እሱ ነው።

ከሁሉ የመጨረሻው ዳር ላይ ጨርሶ መመለስ የሌለበት ሥራ አለ፤ አጋጣሚ ሆኖ ጋሞኛም እዚያ ውስጥ ይገኛል። ዩኒኮድ የዓለም ፊደላት ሁሉ የኮምፒውተር ቁጥር የሚያገኙበት መዝገብ ነው። የእኛ ፊደል የገባው እ.ኤ.አ. በ1999፣ በ3.0 ቅጂ፣ 345 ምልክት ይዞ ነው። በ2005 ተጨማሪ ገባ። በ2010 ደግሞ፣ በ6.0 ቅጂ፣ ለጋሞ፣ ጎፋና ዳውሮ፣ ለባስኬቶ እና ለጉሙዝ ድምፆች የተበጁ 32 ፊደላት የራሳቸውን ቤት አገኙ። መንገዱ ረጅም ነው። አመልካች የፊደሉን ቅርጽ፣ ድምፅና በታተመ ጽሑፍ ላይ ያገለገለበትን ማስረጃ ያቀርባል፤ የዩኒኮድ የቴክኒክ ኮሚቴ ያየዋል፤ ከዚያ በአይኤስኦ በኩል አገሮች ድምፅ ይሰጡበታል። ዓመታት ሊወስድ ይችላል። ምክንያቱም አንዴ የገባ ምልክት አይሰረዝም፣ ቦታውን አይለቅም፣ ስሙም አይቀየርም። በዚያው በ2005 ከገቡት ምልክቶች አንዱ፣ ቁጥሩ ኤፍኢ18 የሆነ የቻይናና የጃፓን ጽሑፍ ቅንፍ፣ በእንግሊዝኛ ስሙ ውስጥ «ብራኬት» የሚለው ቃል ሁለት ፊደል ተዘዋውሮበት ተጻፈ። ኮሚቴ አይቶት፣ አገሮች ድምፅ ሰጥተውበት አለፈ። እስከ ዛሬ እንደተሳሳተ ነው፤ ማድረግ የተቻለው ከጎኑ የእርማት ስም ማስቀመጥ ብቻ ነበር።

የጋሞ ፊደላትም ጉዳይ ፈገግ ያሰኛል። የዩኒኮድ ሰነድ ስለ እነሱ ሲናገር ጋሞ፣ ጎፋና ዳውሮን በሰረዝ አያይዞ እንደ አንድ ይጠራቸዋል፤ ዞኑ ከተለያየ 10 ዓመት በኋላ መሆኑ ነው። አርባ ምንጭ ዙሪያ ያለ ልጅ ደግሞ ጋሞኛን ትምህርት ቤት የሚማረው በላቲን ፊደል ነው። 32ቱ ምልክቶች ግን የትምህርት ፖሊሲ ቢቀየርም ባይቀየርም ቁጥራቸውን ይዘው ይቆያሉ፤ ጠብቆ የመረመረው ኮሚቴ «ዛሬ ስንት ሰው ይጠቀምበታል?» ብሎ ብቻ ሳይሆን «አንዴ የታተመውን ሰው መልሶ መጻፍ እንዲችል» ብሎም ስለሚያስብ ነው።

ሦስት ጓደኛሞች ሴቻ ላይ ተሰባስበው አንድ ክፍት ፕሮጀክት ቢጀምሩ ከዚህ ሁሉ ምን ይወስዳሉ? ከሊኑክስ መሰላሉን አይውሰዱ፣ ለሦስት ሰው መሰላል አያስፈልግም። የራስን ለውጥ ራስ አለማሳለፍን ግን ይያዙ፤ መብራት ጠፍቶ አንዱ ቢዘገይም። «ሁለት ሰው ካላየው አይለፍ» የሚለውን ደንብ ለሁሉም ነገር ካወጡት አንዱ ለፈተና ወደ ቤተሰቡ ሲሄድ ሥራው ይቆማል፤ የይለፍ ቃልና የተጠቃሚ መረጃ ለሚነካው ብቻ ያውጡት። የሚታተመው ጥቅል ሰው ካየው ኮድ በማሽን እንዲገነባ ያድርጉ፣ ማንም በእጁ ነገር እንዳይጨምርበት። መልስ ለመስጠት ቀነ ገደብ ይኑራቸው፤ ለውጥ ልኮ መልስ ያጣ ሰው ሁለተኛ አይልክም፣ ያ ሰው ደግሞ ነገ አራተኛው ገምጋሚ ሊሆን የሚችል ነበር።

«አይለፍ» ሲሉም ምክንያቱን ይጻፉ። ዩኒኮድ ያልተቀበላቸውን ሐሳቦች በይፋ መዝግቦ ያስቀምጣል። ስታር ትሬክ ለተባለው የአሜሪካ ፊልም ተፈልስፎ፣ ፊደል ተቀርጾለት፣ አፍቃሪዎችን ያፈራ ክሊንጎን የሚባል ቋንቋ አለ፤ ፊደሉ መዝገብ እንዲገባ የቀረበው ማመልከቻ እ.ኤ.አ. በ2001 ውድቅ ተደረገ። ተናጋሪዎቹ እርስ በርሳቸው የሚጻጻፉት በአብዛኛው በላቲን ነበር፣ በፊደሉ የታተመ ጽሑፍም እምብዛም አልነበረም። ውሳኔው ከነቀኑ ዛሬም እዚያ መዝገብ ላይ ይነበባል፤ የተሻለ ማስረጃ አለኝ የሚል ምን እንደጎደለው አውቆ ነው የሚመጣው።